የድሮ አርፒጂ ምርጫ ተከፍቷል

ውድ አባላት፣

የምንጊዜም ምርጥ የኮምፒውተር አርፒጂ (አንድን ገጸ ባሕርይ ወይም ቡድን እየመራህ የምታሳድግበት የጨዋታ ዓይነት) ምርጫችን ተጀምሯል። እያንዳንዳችሁ አምስት ጨዋታዎችን በደረጃ ላኩልን። አንደኛው 5 ነጥብ፣ አምስተኛው 1 ነጥብ ያገኛል።

የሚወዳደሩት እስከ 2001 እ.ኤ.አ. የወጡት ብቻ ናቸው። «አርካነም» ለጥቂት ገብቷል። «ሞሮዊንድ» በ2002 ስለወጣ ቀርቷል። የምትናደዱ እንዳላችሁ ይገባኛል፣ ግን መስመሩ የሆነ ቦታ መሰመር አለበት።

አንድ ስጋት አለኝ። «ፎልአውት» (1997)፣ «ባልዱርስ ጌት» (1998) እና «ፕሌንስኬፕ ቶርመንት» (1999) ድምፁን ጠራርገው እንዳይወስዱት። ይገባቸዋል፣ አልክድም። ግን የ1980ዎቹንም አስቡ። «ዊዛርድሪ» በ1981 ሲወጣ ተጫዋቹ የዋሻውን ካርታ ራሱ ወረቀት ላይ ይስል ነበር። «አልቲማ 4» (1985) ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚገደል ዋና ጠላት የለውም። ግቡ በስምንት በጎ ባሕርያት ታንፆ መገኘት ነው። በጨዋታው ውስጥ ያለችው ዓይነ ስውር የአስማት ቅመም ነጋዴ ስንት እንደከፈልካት አታይም፤ አጭበርብረህ መውጣት ትችላለህ። ጨዋታው ግን ይመዘግብብሃል፣ ታማኝነትህም ይቀንሳል። በዚያ ዘመን ይህን ማሰብ ቀላል ነገር አይደለም! የእኔ አንደኛ እሱ ነው፤ ይህን የምለው ግን ተጽዕኖ ለመፍጠር አይደለም (እሺ፣ ትንሽ ነው)።

ተከታታይ ጨዋታዎች ለየብቻ ይቆጠራሉ፤ «አልቲማ» ብሎ በጅምላ መላክ አይቻልም። ያልተጫወታችሁትን በዝናው ብቻ አትምረጡ። እስከ እሑድ ማታ ለአስተባባሪዎች በውስጥ መስመር ላኩ።