ለእማዬ፦ ስለ አዲሱ አልበምና ስለ ሠርጉ ዘፈን

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰሽ። ሙቀቱን ሸሽተሽ ሐረር አክስቴ ዘንድ ከወጣሽ ወዲህ እኛ ድሬዳዋ ደኅና ነን። ልጆቹ ትምህርት ጀምረዋል፤ ትልቋም ሰሞኑን ቤቱን በአንድ አልበም ሞልታዋለች። ስለዚሁ አልበም ልጽፍልሽ ወደድሁ፤ ከእሷ ይልቅ የያዘው እኔን ነውና።

አልበሙ የአሜሪካዊቷ ዘፋኝ የሳብሪና ካርፔንተር «ማንስ ቤስት ፍሬንድ» (Man's Best Friend) ነው። ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ወጣ፤ 12 ዘፈኖች አሉት፣ ሁሉም ተደምረው 40 ደቂቃ አይሞሉም። ዜማው ቀላልና የሚያስጨፍር ስለሆነ መጀመሪያ ግጥሙን ልብ አላልሁትም ነበር፤ ደግሜ ስሰማው ግን ይህች ልጅ ወንዶቹን እየሳቀች በነገር እንደምትወጋ ገባኝ። በአንደኛው ዘፈን እንግዳዋን ቤቷን ታስጎበኛለች፣ የተደበቀ ነገር የለውም ብላም ታረጋግጣለች፤ ሰሙ ቤት ነው፣ ወርቁን አንቺ ሳልነግርሽ ታገኚዋለሽ። አንዳንዱ በልጆች ፊት የሚደመጥ አይደለም፤ ይህን አልወደድሁላትም። ልቤን የነካው ግን ያሳዘናትን ወንድ ትታ ወደ እናቱ ዞራ፣ እኔን መውደድ እንዲችል አድርገሽ አሳድጊልኝ ብላ የምትለምንበት ነው። ከቀልዱ ሥር እውነተኛ ኀዘን አለ።

እማዬ፣ ይህ የአንቺ ሙያ አይደለም? እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ሠርግ በተደገሰ ቁጥር ከበሮውን ይዘሽ የሙሽራውን እናት በግጥም ስትነኪያት፣ ሴትየዋ ራሷ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። እኔም በአክስቴ ልጅ ሠርግ፣

የሙሽራው እናት ምን ነበር ሥራሽ?
ሻይ ማፍላት ሳያውቅ ሚስት አማረው ልጅሽ።

ብዬ ባወረድሁ ጊዜ፣ ተቀባዮቹ ተቀብለው ሳይጨርሱ ከበሮውን ከእጄ ነጥቀሽ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ሴት ልጅ አፏን ትሰብስብ!» አልሽኝ። የአንቺ ግጥም ግን እስከ ሌሊት ቀጠለ። ብቻሽን ደክመሽ አሳድገሽኛል፣ ምስጋናዬም አያልቅም፤ ሌላው ቁጣሽ ሁሉ ከልቤ ወጥቷል፣ ይኼኛው ግን አልወጣም። ከዚያ ወዲህ በሠርግ ላይ ከማጨብጨብ አልፌ አላውቅም።

መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ የስኳር መድኃኒትሽን ኢንሱሊኑን ፍሪጅ ውስጥ አትተዪው፤ ውኃ ያረጠበው ሸክላ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጥ። መርፌውንም ምግብ ሳይቀርብ አትወጊ። አክስቴ በስልክ የሰው ስም እየጠፋብሽ መሆኑን ነግራኛለች። የሰው ስም ቢጠፋ እኛ እናስታውስሻለን፤ ግጥሞችሽን ግን ማን ያስታውስሻል? አንዱም አልተጻፈም፣ አልተቀዳምም።

ስለዚህ ቅዳሜ በደንገጎ በኩል እመጣለሁ፤ ስልኬን አጠገብሽ አድርጌ የምታስታውሽውን ሁሉ እቀዳለሁ። በዚያው ደግሞ ያን ቀን ለምን እንዳስቆምሽኝ ንገሪኝ። ግጥሙ መጥፎ ሆኖ ነው ወይስ ያወረድሁት እኔ ስለሆንሁ?

ልጅሽ