«ድመት ቧጭራሽ ነበር?»

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ግልገሏ ድመታችን ጣቴን የቧጨረችኝ እየተጫወትን ነው። እናቴ ቡና ነሰነሰችበት፣ ረሳነው። ከሳምንት በኋላ ቦታው ላይ ቀይ ነገር ጉብ አለ። ቀጥሎ ብብቴ ስር የግማሽ እንቁላል ያህል ንፍፊት ወጣ። ማታ ማታ ያተኩሰኛል።

የሄድኩበት ክሊኒክ ራጅ አነሳኝ፣ ደሜን መረመረ፤ «የእጢ ቲቢ ሳይሆን አይቀርም» ተባልኩ። በዚህ አልፈርድባቸውም። እኛ አገር እጢ አብጦ ትኩሳት ከታከለበት መጀመሪያ የሚታሰበው ቲቢ ነው፣ መታሰብም አለበት። ያስከፋኝ እጄን ማንም አለማየቱ ነው። የ6 ወር መድኃኒት ልጀምር ስል ሌላ ቦታ ታየሁ። እጢው በመርፌ ተቀድቶ ቲቢ አልተገኘበትም። ያኔ ነው አንዲት ወጣት ሐኪም ጣቴን አገላብጣ አይታ «ድመት ቧጭራሽ ነበር?» ያለችኝ።

ያሳመመኝ ባርቶኔላ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ከድመት ወደ ድመት የምታዞረው ቁንጫ ናት። የቁንጫዋ ኩስ ጥፍር ውስጥ ይገባና በጭረቱ ወደ ሰው ያልፋል። ባክቴሪያው በተለመደው የላብራቶሪ ካልቸር (ከናሙና ባክቴሪያ የማብቀል ምርመራ) በቀላሉ አይበቅልም፤ ስለዚህ ትልቁ ፍንጭ በሽተኛው የሚናገረው ነው። ብዙ ጊዜ በጥቂት ወራት በራሱ ይጠፋል። ለእኔ የ5 ቀን አዚትሮማይሲን ታዘዘልኝ፣ ንፍፊቱም በ2 ወሩ ሟሟ። ድመቷም አልተባረረችም፤ የቁንጫ መድኃኒት ተገዛላት።

እኔም ጥፋት አለብኝ፣ ጭረቱን አልተናገርኩም። ጭረት ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። በማግስቱ እጅ ቀልቶ ካበጠና ከጠዘጠዘ የሚጠረጠረው ፓስቱሬላ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው። ለእሱ የሚታዘዘው እንደ ኦግመንቲን ያለ መድኃኒት ነው። ጣት አልታጠፍ ካለ ማደር የለበትም፤ ወደ ጅማቱ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

የቧጨረው የማይታወቅ ድመት ወይም ውሻ ከሆነ ቡናው ይቅር። ወዲያው 15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መሮጥ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም። «አልነከሰኝም እኮ» ብሎ መቀመጥ አይሠራም፤ ደም ያላወጣ ጭረትም ያስከትባል።

ሕክምና ስንሄድ «አለርጂ አለብሽ?» እንባላለን። እጢው አብጦ የመጣ ሰው «ቤትሽ ምን እንስሳ አለ? ቧጭሮሽ ያውቃል?» ተብሎ ቢጠየቅ ምን ያስወጣል?

አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ