ጭቃው ከወጣ በኋላ ለመጣችሁ

ይድረስ ለአቃቂ ወንዝ ዳር ጎረቤቶቼ፣ ለእድራችን አባላት፣ ለደንበኞቼ፣ ስማችሁን ሳልጠይቅ ለሄዳችሁብኝም ሁሉ።

ከጎርፉ በኋላ ላደረጋችሁልን ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ውለታ ከፋይ ያድርገኝ። ይህን በየደጃችሁ እየዞርኩ ማለት ነበረብኝ። ግን ግድግዳው ገና አልደረቀም፣ ዩኒፎርሙ አላለቀም፣ እኔም ከስፌት መኪናው ስር እግሬን ያነሳሁበት ቀን የለም። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን ብያለሁ።

የጎርፉን ሌሊት አልተርክላችሁም፤ ሁላችሁም ነበራችሁበት። ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ያውቀዋል። እኛ ሰፈር ጠብ ሳይል ወንዙ ሊሞላ ይችላል። እንጦጦ ላይ የጣለው ዝናብ በየወንዙ ከተማውን አቋርጦ፣ የየሰፈሩን ቱቦ ጨምሮ፣ 1 ሺህ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ እኛ ደጅ ይደርሳል። ከእኛ በታች ያለው አባ ሳሙኤል ነው። ሐምሌ ሲያልቅ ደግሞ መሬቱ ውኃ ጠግቧል፤ ተጨማሪ አይቀበልም። ዘንድሮ በዚህ ሁሉ ላይ ከበላያችን የሚገነባ አንድ ሰው የቆፈረውን አፈር ቦዩ አፍ ላይ ከምሮት ነበር። ማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ራሱ ያውቃል።

በዚያ ሌሊት ለደረሱልን ምስጋናዬ ብዙ ነው። 939 ስንደውል የመጡትን የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ሠራተኞች፣ በ907 የመጣውን የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ እናቴን አዝሎ እስከ አስፋልቱ ያወጣውን የጎረቤት ልጅ አንረሳም። እነሱን ግን በዚያው ሳምንት ተሰብስበን አመስግነናል። ፎቶም ተነስተናል። ይህ ደብዳቤ በዋናነት ለሌሎቻችሁ ነው። ጭቃው ከወጣ፣ ጠያቂው ከቀነሰ በኋላ ለመጣችሁ። ያኔ ነው ነገሩ የከበደን። ሰው "እንኳን ነፍሳችሁ ተረፈ" ብሎን ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ እኛ የምንመለስበት ቤት እርጥብ ነበር።

ከእድራችን ልጀምር። ጡሩንባው ገና ሳይነጋ ተነፋ። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ ጠዋቱን ወጣ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ እድር ማለት እሱ ነውና። የገንዘቡን ነገር ግን አልጠበቅኩም። የመተዳደሪያ ደንባችን ለሞት ይከፍላል። ለቤት ቃጠሎም አንድ አንቀጽ አለው። ለጎርፍ ግን ምንም። ጸሐፊያችን መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ዝቅ አድርገው ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። የለም። "ደንብ ከጣስን ነገ ሁሉም ይጥሳል" ያሉ ነበሩ፤ አልፈረድኩባቸውም፣ ገንዘቡ የሁላችንም ነው። ከኋላ ወንበር አንድ አባት ተነሱና "ቤታቸው ወድሟል ወይስ አልወደመም? በምን እንደወደመ የሚያጣራው ፖሊስ ነው እንዴ?" አሉ። ቤቱ ሳቀ። እጅ ይውጣ ተባለ፣ ወጣ። በጎርፍ ተመትተን በእሳት አንቀጽ ተከፈለን። ቃለ ጉባኤውም እንደዚያው ተጽፏል። የዛሬ ሃምሳ ዓመት መዝገቡን የሚያነብ ሰው በዚያ ክረምት አቃቂ ተቃጥላ ነበር ማለቱ አይቀርም።

ዳኛችንን፣ ጸሐፊያችንን፣ በተለይ እኒያን አባት አመሰግናለሁ። ሌሎች እድሮችም ይህን ካነበባችሁ ደንባችሁን አውጥታችሁ እዩት። ጎርፍ ከሌለበት በመስከረሙ ጠቅላላ ጉባኤ አስገቡት። እኛም እናስገባለን።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እህታችን ደግሞ እንዲህ ናት፦ ሳታሽሞነሙን ትናገራለች። "ይህ ውኃ የሰው ሁሉ ሽንት ቤት ገብቶ የወጣ ነው፤ የነካው ምግብ ይጣል" አለችን። በርበሬዬን፣ ሽሮዬን፣ ከገጠር የመጣልኝን ጤፍ አንድ በአንድ እያየች አስጣለችኝ። አለቀስኩ። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። በ2008 ክረምት አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) አዲስ አበባ የገባ ጊዜ የሆነውን የምናስታውስ ሰዎች ለምን እንደጨከነች ይገባናል። የውኃ ማከሚያውን መድኃኒት፣ ውኃ አጋርን፣ ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። ለባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ ክዳን፣ ከዚያ 30 ደቂቃ መጠበቅ፣ ውኃው ደፍርሶ ከሆነ መጀመሪያ በንጹሕ ነጠላ ማጥለል። አጠገባችን ያሉት እማማ "ይሸተኛል፣ አልጠጣም" ብለው ከንፈራቸውን ገጠሙ። ቁጭ አለች፣ ከጀሪካኑ በጣሳ ቀዳች፣ ፊታቸው ግጥም አድርጋ ጠጣች። ሌላ ቀዳችና ሰጠቻቸው። እያጉረመረሙ ጠጡ። ስትወጣ ለየቤቱ ኦአርኤስ ትታ ነው፤ አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ እንደሚበጠበጥ፣ ካደረም እንደሚደፋ ልጆቻችንን ጭምር አስጠንታ። ከዚያ በኋላም ትመላለስ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ በተቅማጥ የተኛ ልጅ አልነበረም። እህቴ፣ ለጤፉ ይቅር ብዬሻለሁ።

የግድግዳውን ነገር ለነገሩን ጋሼ ምን እንደምል አላውቅም። ጭቃ ቤት ሲሠሩ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው። ምርጊቱ እስከ ጉልበት ድረስ ረግፎ ማገሩ አፍጥጦ ነበር። ወንድሜ ሲሚንቶ ገዝቶ በዚያው ቅዳሜ ሊያስለስነው ተነሳ። ጋሼ ቀድመው ደረሱ። ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ከታች ወደ ላይ እያንኳኩ ሄዱ። ታች ድምፁ የታፈነ ነው። ወገብ አካባቢ ጠራ አለ። እዚያ ላይ በከሰል አሰመሩ። "እስከዚህ ድረስ ጠጥቷል" አሉ። "አሁን ሲሚንቶ ከለጠፋችሁበት ውኃውን ውስጥ ቆለፋችሁበት ማለት ነው። እንጨቱ ይበሰብሳል። ልስኑም ለዓመት አይቆይላችሁም።" ከዚያ የየቋሚውን እግር በቢላ እየወጉ ፈተሹ። ቢላው የገባበት እንዲቀየር፣ ያልገባበት እንዲተው ነገሩን። መስኮትና በር ቀን ቀን ክፍት ይዋል፣ ዕቃ ግድግዳ አይደገፍ፣ ምርጊቱ የመስከረም ፀሐይ ካየው በኋላ ይሁን። ወንድሜ ሲሚንቶውን መለሰ። እሳቸው ለእኛ ብቻ አይደለም የመጡት። በከሰል ያሰመሩባቸውን ቤቶች ሰፈሩን ስትዞሩ ታዩዋቸዋላችሁ። ከአንድ ስኒ ቡና በቀር የተቀበሉት ነገር የለም።

ለምርጊት ደግሞ ጭድ ያስፈልጋል። ነሐሴ ላይ ጭድ የት ይገኛል? የአምናው ተበልቶ አልቋል፣ የዘንድሮው ጤፍ ገና ቡቃያ ነው። የተረፈ ካለም የከብት ቀለብ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ያሉ አንድ አርሶ አደር ከበሬዎቻቸው ቀንሰው በአህያ ጭነው ልከውልናል። ከተሜ ጎረቤቶቼ "ጭድ ነው የላኩት?" ብላችሁ እንዳትንቁት። በዚህ ወር ከገንዘብ ይበልጣል። ጋሼ፣ በሬዎችዎ ይባረኩ።

አሁን ወደ ስፌት መኪናዬ። ሲንጀሬ መርገጫው ድረስ ሳይሆን እስከ ራሱ ደለል ውስጥ ነበር። ጊዜው ደግሞ የዩኒፎርም ጊዜ ነው። እኔ ዓመቱን የምኖረው ከሐምሌ እስከ መስከረም በማገኘው ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የተቆረጠው ጨርቅ፣ ልኬት የጻፍኩበት ደብተር፣ ቁልፉ፣ ክሩ፣ ሁሉም አንድ ላይ ጭቃ።

ገበያው ውስጥ ያሉት ሁለት ልብስ ሰፊዎች መጡ። በደህናው ቀን በአንድ ሱሪ ዋጋ የምንናከስ ሰዎች ነን፤ ይህን ደንበኞቻችን በደንብ ታውቃላችሁ። ነጭ ጋዝ በጀሪካን፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና የስፌት መኪና ዘይት ይዘዋል። ጆንያ አነጠፉ። መኪናውን ብሎን በብሎን ፈቱት። እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቅደም ተከተል ጆንያው ላይ ደረደሩት፣ እኔንም "እንዳትነኪ" አሉኝ። በጋዙ አጠቡ፣ አደረቁ፣ ዘይት አጠጡ፣ ገጠሙ። መንኮራኩሩን በእጃቸው ሲያዞሩት መጀመሪያ ሲጥ አለ፣ ከዚያ ለስለስ ብሎ ሄደ። እኔ እልል አልኩ፤ እናቴ የሆነ ሰው የወለደ መስሏት ከውጭ ሮጣ መጣች።

ትዕዛዜን ግማሽ ያህሉን ወስደው እነሱ ሰፉልኝ። ሒሳቡን ላካፍላቸው ስል አንደኛው "ደንበኛሽ ለአንቺ ነው የከፈለው" አለና ጨርሶ ሊሰማኝ አልፈለገም። እሺ። በዋጋ መናከሱን በጥቅምት እንቀጥላለን።

ጨርቃችሁ የተበላሸባችሁ እናቶች፣ አንዳችሁም ክፈይ አላላችሁኝም። "ልጄ የአምናውን ይለብሳል፣ እጅጌውን ብቻ አርዝሚልኝ" ያልሽኝን እህቴን አልረሳም። እጅጌው ደርሷል።

የምጣድ ጠጋኙን ልጅም ላንሳ። ምጣዴን ገልብጦ ሸክላውን ሳይሰብር አላቀቀ፣ ረዚስታንሱን አወጣ፣ አደረቀ፣ የተበላውን ቀየረ። ሰፈሩን ሁሉ እየዞረ "ውኃ የነካውን ሶኬት እንዳትሰኩ" ሲል የዋለውም እሱ ነው። ቆጣሪያቸው የራሰባቸውን 905 አስደውሎ፣ ባለሙያ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካው ከልክሏል።

ወረቀትስ? የእናቴ የሳጥን ዕቃ፣ የጋብቻ ወረቀታችን፣ የልጆቹ የልደት ካርድ፣ የቤቱ ሰነድ ሁሉ አንድ ላይ ገንፎ ሆኖ ነበር። ፋይዳዬ ስልኬ ውስጥ ስለነበር እሱ ተረፈ። በወረዳችን በሲቪል ምዝገባ መስኮት ያለችው ልጅ እርጥቡን ወረቀት በግድ እንዳንገልጠው፣ ፀሐይም ላይ እንዳናሰጣው፣ በጋዜጣ መሃል አድርገን እየቀያየርን እንድናደርቀው ነገረችን። የቤቱ ሰነድ እንደዚያ ሆኖ ተረፈ። የልጆቹን ከመዝገብ ነው ያገኘችልን። የትንሹ ቀላል ነበር፤ የተወለደው ምዝገባው በአገር ደረጃ በ2008 መጨረሻ ከተጀመረ በኋላ ስለሆነ በቀላሉ ወጣ። የትልቋ ግን ከዚያ በፊት ነው። ማህደር ክፍል ገብታ አቧራ ለብሳ ወጣች። ምሳ ሰዓቷ ነበር። "ነገ ተመለሱ" ማለት ትችል ነበር፤ በሌላ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ስንት ጊዜ ተብለነዋል። እሷ አላለችም። አለቃዋ ይህን ካነበቡ እባክዎ ልብ ይበሉልን።

ክረምት በመሆኑ ክፍሎቹ ባዶ የነበሩት ትምህርት ቤት አስተኝቶናል፣ ዘበኛው በየሌሊቱ ለሕፃናቱ ውኃ አፍልቷል። የሰንበቴ እናቶች ዳቦ፣ የመስጊዱ ጀመዓ ብርድ ልብስና ምንጣፍ አምጥተዋል። የሴፍቲኔት እናቶች ቦዩን የዘጋውን ደለል በአካፋ አውጥተዋል፤ ያኛው ሰውዬ የከመረውን አፈር ጭምር። የክረምት በጎ ፈቃድ ወጣቶች የእማማን ጣሪያ ቆርቆሮ ቀይረዋል። በቴሌብር የላካችሁልን አላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁን ስልኩ የሚያሳየኝን ስም አይቼም አላወቅኳችሁም። እግዜር ያውቃችኋል።

ሳይነሳ የቀረ ሰው መኖሩ አይቀርም። ቅር እንዳይለው። በር ላይ ሲያገኘኝ ይንገረኝ፣ ቡና አፈላለሁ።

ለዩኒፎርም ጉዳይ፦ ያዘዛችሁ ሁሉ እስከ ጳጉሜን 3 መጥታችሁ ውሰዱ። የልኬት ደብተሬ ስለጠፋ በእጄ ግምት የሰፋሁት አለ፤ ልጆቹን ይዛችሁ ኑ፣ እዚያው እናስተካክለዋለን። እኛ ቤት የቀረ ዕቃም አለ። እጀታው በቀይ ፕላስተር የተጠቀለለ አካፋ፣ ሁለት ሰማያዊ ባልዲ፣ አንድ ትልቅ ብረት ድስት ከነክዳኑ (የእድሩ አይደለም፣ ጠይቄያለሁ)፣ እና የወንድ ቦት ጫማ፣ የግራው ብቻ። ባለቤቶቹ ብቅ በሉ። የቀኙን ያገኘም ካለ ያምጣልን።

አክባሪያችሁ፣
የወንዝ ዳሯ ልብስ ሰፊ