ለዓይንሽ እንጂ ለድንኳን አይደለም

ይድረስ ለእማዬ፣ ፒያሳ

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አምስት ወር ሙሉ ድምፄ የጠፋው ረስቼሽ አይደለም፤ ሥራዬ የሌሊት ፈረቃ ሆነና እኔ ስነቃ እናንተ ትተኛላችሁ። ሰበብ እንደሚመስልሽ አውቃለሁ።

ሚሚ ዓይንሽን ሞራ እንደጋረደው ነገረችኝ። እንዲያም ሆኖ ለሰርጓ ጋቢ እየፈተልሽ ነው፤ ክሩ ሲበጠስብሽ በጣትሽ እየዳበስሽ ትቀጥያለሽ አለችኝ። ምን ልበልሽ? ትናንት 400 ዶላር ልኬያለሁ፤ ለዓይንሽ እንጂ ለድንኳን አይደለም። ሚሚ እንዳታኮርፍ፤ ጥር ሳይገባ ለእሷም እልካለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ያየሁትን ደግሞ ስሚ። የማስታምማቸው አዛውንት ሴት ወደ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይዘውኝ ሄዱ። ስገባ ምን ባይ ጥሩ ነው? ድሪቶ! እንደ ሥዕል ግድግዳው ላይ የተሰቀለ፣ ሽልማት የተለጠፈበት ድሪቶ። «ኩዊልት» ይሉታል። ከላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይጋጠማል፣ መሀሉ እንደ ባዘቶ ያለ ጥጥ ይነጠፋል፣ ከሥር ገበር ይሆናል፤ ከዚያ ሦስቱ አንድ ላይ ይሰፋሉ። የእኛ ጋቢ አራት ድርብ ነው ብዬ ተኩራራሁባቸው። መንካት ክልክል ነው፤ ጀርባውን ማየት ለፈለገ ነጭ ጓንት ያጠለቁ ሴቶች ጫፉን ገልጠው ያሳያሉ። ስፌቱ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል፣ እንዲህ ደቃቅ። የእሳቸው ከሟች ባላቸው ሸሚዞች የተሰፋ ነው፤ የአንዱ የደረት ኪስ ከነቁልፉ አለ። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ በሚባል ስፍራ ጥቁር ሴቶች ካለቀ የሥራ ልብስ የሰፉት በ2006 እንደ እነሱ አቆጣጠር በአሜሪካ ቴምብር ላይ ታትሟል ብለውም ነገሩኝ።

እኔ ግን አረንጓዴ ላይ ግራጫ የተጣፈበት አንዱ ጋ ቆሜ ቀረሁ። የተማሪ ቤት ሹራቤ ትዝ ይልሻል? ክርኑ ሲቀደድ ከአባባ ሱሪ ቆርጠሽ የጣፍሽልኝ? ያን ጊዜ አልነገርኩሽም፤ ጊዮርጊስን እስካልፍ እለብሰውና አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ እከተው ነበር። በዚያ በኅዳር ብርድ ክፍል ውስጥ ስንቀጠቀጥ እውላለሁ። አዛውንቷ «ምን ሆንሽ?» ሲሉኝ አቧራ ገባብኝ አልኩ።

ለሰርጉ አልመጣም፣ እማዬ። ወረቀቴ አላለቀም። አትጨነቂ፤ ሥራው ቀላል ነው፣ ቤቱም ይሞቃል። ሚሚን ማን ይሸኛታል? አጎቴ ከሆነ ከረባት እሰሩለት፤ በራሱ አያውቅበትም። ከቤት ስትወጣ ስልኩን ፊቷ ላይ ያዙልኝ፤ ሰዉን አታሳዩኝ፣ እሷን ብቻ።

የአባባን ሸሚዞች ለማንም እንዳትሰጪ። በተለይ ያንን ሰማያዊ መስመር ያለውን። መርፌ መያዝ እየተማርኩ ነው። ሰጥተሽው ከሆነ ግን አትንገሪኝ።

ልጅሽ