የኢኑይት ቀራፂዎች ስምና መንደር አላቸው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ስለ ሰሜን ካናዳ ሕዝቦች ጥበብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጉዳዩን ማንሣታችሁ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ በካናዳ የሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩትን የኢኑይትን ሕዝብ የድንጋይ ቅርጻ ቅርጽ ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የመጣና ከዳር እስከ ዳር አንድ መልክ ያለው አድርጎ ማቅረቡ፣ ከፎቶግራፎቹም ሥር «የኢኑይት ሥራ» ከሚለው በቀር ምንም አለመጻፉ እርማት የሚሻ ይመስለኛል።

ዋልረስ ከተባለው ትልቅ የባሕር እንስሳ ጥርስና ከአጥንት ትንንሽ ምስሎችን መቅረጽ በእርግጥ ከሺህ ዓመት የሚበልጥ ታሪክ አለው። ዛሬ በሙዚየም የምናየው ትልልቅ የድንጋይ ቅርጽ ግን በአመዛኙ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣ ነው። የነጭ ቀበሮ ቆዳ ዋጋ ወድቆ አዳኞች በተቸገሩበት ወቅት፣ በ1948 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ጄምስ ሂውስተን የተባለ ካናዳዊ ሠዓሊ በሃድሰን የባሕር ወሽመጥ ምሥራቃዊ ዳርቻ ወደምትገኘው ኢኑክጁዋክ ሄዶ ጥቂት ቅርጾች ይዞ ተመለሰ፤ በቀጣዩ ዓመት በሞንትሪያል ለሽያጭ የቀረቡት ሥራዎች በሦስት ቀን ውስጥ አለቁ። ሂውስተን ምን ዓይነት ሥራ ገዢ እንደሚያገኝ በሥዕል የሚያስረዳ መመሪያ እስከ ማዘጋጀት መድረሱን እያነሣ ጥበቡን «ለገበያ የተፈለሰፈ» ብሎ የሚያጣጥል አይጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ገበያው ሥራውን አስጀመረ እንጂ አንዱ መንደር ከሌላው የተለየበትን መልክ አላዘዘም።

ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት ድንጋዩ ነው። በባፊን ደሴት የምትገኘው ኪንጋይት፣ የቀድሞዋ ኬፕ ዶርሴት፣ ጥሩ አድርጎ የሚወለወል ሰርፐንቲን የተባለ አረንጓዴ ድንጋይ አላት፤ ኦሱይቶክ ኢፒሊ በቀጫጭን እግሮች የቆሙ ካሪቡዎችን (የሰሜን አጋዘኖችን)፣ ፓውታ ሳይላ ደግሞ የሚጨፍሩ የዋልታ ድቦችን የቀረጹት በዚህች መንደር ነው። እንደ ኢኑክጁዋክ በምሥራቃዊው ዳርቻ ባለችው ፑቪርኒቱክ ግን ቅርጹ ታሪክ ይተርካል። ጆ ታሊሩኒሊ በልጅነቱ ቤተሰቦች በተሰበረ በረዶ ላይ ተንሳፍፈው ቀርተው፣ ከበረዶ ጋሪዎቻቸው እንጨትና ከቆዳ በሠሩት ጀልባ ነፍሳቸውን ያተረፉበትን ጉዞ ደጋግሞ ቀርጾታል፤ በጀልባው የተጨናነቁት ሰዎች እነማን እንደነበሩም በስም ይዘረዝር ነበር።

ከሃድሰን የባሕር ወሽመጥ ምዕራብ ባለችው አርቪያት የምናገኘው ሌላ ዓለም ነው። ድንጋዩ ግራጫና ለሞረድ የሚያስቸግር ሲሆን፣ ጆን ፓንግናርክ የሰውን ፊት በጥቂት ጭረቶች ብቻ አመልክቶ ይተወው ነበር፤ ሉሲ ታሲዮር ቱትስዊቶክም ከሻካራው ድንጋይ ጠርዝ ላይ የተደራረቡ ትንንሽ ፊቶችን ብቻ ታወጣ ነበር። ይህን ያላለቀ ሥራ አድርጎ የሚያይ ገዢ ብዙ ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚልቀው ይኸው ነው። በ1950ዎቹ በመሀል አገር ካሪቡ ጠፍቶ በረኃብ ወገኖቻቸውን ያጡ ሰዎች በሰፈሩበት አካባቢ፣ እናትና ልጅ ወይም አንድ ላይ የተጠጋ ቤተሰብ ደግሞ ደጋግሞ መቀረጹ አያስደንቅም።

ቁሱ ሁልጊዜ ድንጋይ ነው ማለትም አይቻልም። ታሎዮአክ በተባለችው የሰሜን መንደር ካሩ አሼቫክ ከአሮጌ የዓሣ ነባሪ አጥንት፣ አንዱ ዓይናቸው ከሌላው የማይመሳሰል መናፍስትን ቀርጾ በ1974 ገና በወጣትነቱ አርፏል፤ አሜሪካ በ1972 ባወጣችው የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ ምክንያትም የአጥንት ሥራዎች ትልቁን ገበያቸውን አጥተዋል።

ስም የማይጠቀስበት ልማድ በዚህ ሕዝብ ላይ የቆየ በደል መሆኑም ሊታሰብ ይገባል። የካናዳ መንግሥት ከ1940ዎቹ ጀምሮ ኢኑይትን የሚመዘግበው በአንገት በሚንጠለጠል የቁጥር ምልክት ስለነበር፣ ብዙ ቀራፂዎች በሥራዎቻቸው ሥር የሚፈርሙት ያንኑ ቁጥር ቀርጸው ነበር። ስለዚህ ለወጡት ፎቶግራፎች በሚቀጥለው እትማችሁ የቀራፂው ስም፣ መንደሩ፣ የቁሱ ዓይነትና ዓመቱ እንዲታከልላቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ሥራዎቹን የያዙት ሙዚየሞች መረጃውን መዝግበው ስለሚያኖሩ ጠይቆ ማግኘት የሚያስቸግር አይደለም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከዊኒፔግ