«ኮላፕስ አደረገ» ስለሚባለው አዘጋገብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ክረምት በገባ ቁጥር በጋዜጣችሁም በኤፍ ኤም ጣቢያዎችም አንድ ቃል እየበዛ መጥቷል። የድጋፍ ግንብ ሲወድቅ «ኮላፕስ አደረገ» ይባላል፤ የተራራ ወገብ ሲንሸራተትም እንዲሁ፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ታማሚ ራሱን ስቶ ሲወድቅ፣ የባንክ ኔትወርክ ሲቋረጥ እንኳ ያው ነው። በደሴ ከተማ እንግሊዝኛ የማስተምር ሰው እንደመሆኔ የውጭ ቃል አማርኛ ውስጥ መግባቱ አያስቆጣኝም፤ ሲሚንቶም ጋቢዮንም (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) ከውጭ መጥተው ዛሬ የኛ ሆነዋል። ቅሬታዬ ቃሉ የሆነውን ነገር ከመግለጥ ይልቅ የሚሸፍን መሆኑ ነው፤ ብዙ ጊዜ ተሸፍኖ የሚቀረውም የአደጋው መንስኤና ተጠያቂው ነው።

የቃሉ ባለቤቶች እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም ለገበያና ለታማሚ ይጠቀሙበታል፤ የተራራ መንሸራተትን ግን በሌላ ስም ይጠሩታል። «ኮላፕስ» ከላቲን የመጣ ሲሆን ሥሩ አብሮ መውደቅ እንደማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚነገረውም ተደግፎ ለቆመ ወይም ውስጡ ክፍት ለሆነ ነገር ነው፦ ለጣሪያ፣ ለድልድይ፣ ለድንኳን፣ አየር ለወጣለት ሳንባ። ተዳፋት መሬት ሲሄድ ጋዜጦቻቸው «ላንድስላይድ» ብለው ይጽፋሉ፤ የዘርፉ ባለሙያዎች ደግሞ እንቅስቃሴውን በአምስት ይከፍሉታል። ከገደል የሚወርድ ድንጋይ፣ ተፈንግሎ የሚደፋ ዐለት፣ ተንሸራቶ የሚወርድ መሬት፣ ወደ ጎን የሚዘረጋ መሬትና እንደ ቀጠነ ገንፎ የሚፈስ ጭቃ ለየብቻ ስም አላቸው። እርግጥ እነሱም ቃል ያዋውሳሉ። የኑክሌር ማብላያ እምብርት መቅለጥን ይገልጽ የነበረው «ሜልትዳውን» ዛሬ ለሚያለቅስ ሕፃንም ይነገራል፤ «ላንድስላይድ» ደግሞ በምርጫ በሰፊ ድምፅ ማሸነፍ ማለት ሆኗል። በከተማችን ጦሳ ተራራ ሥር ለሚኖር ሰው ናዳ እንዴት የምሥራች ሊሆን እንደሚችል ለተማሪዎቼ ማስረዳት ቀላል ሆኖልኝ አያውቅም። ሆኖም የተራራ መንሸራተትን የሚዘግብ ጥንቁቅ የእንግሊዝኛ ጋዜጠኛ እነዚህን ሁሉ አይቀላቅልም።

እኛም ብንሆን የቃል ድኻ አይደለንም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ የሚወርድ ሾፌር ከታች የሚመጣውን ባልደረባውን መስኮት አውርዶ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። «ድንጋይ ወርዷል» ከተባለ ወደላይ እያየ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ «ናዳ ዘግቶታል» ከተባለ ዶዘር እስኪመጣ ዳር ይዞ ይቆማል፤ «መሬቱ ከድቷል» ከተባለ ግን አስፋልቱ ከላይ ደህና ቢመስልም የጫነ መኪና አያሳልፍበትም። ቤትም መጀመሪያ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ይዘማል፣ በመጨረሻ ይናዳል። ሦስቱን በአንድ «ኮላፕስ» የሚጠቀልል ዘጋቢ ነዋሪው ሊተርፍባቸው ይችል የነበሩትን ሁለት ደረጃዎች ሰረዛቸው ማለት ነው።

የቃሉ ልዩነት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማየት እ.ኤ.አ. በ1963 በሰሜን ኢጣሊያ በቫዮንት የደረሰውን ማንሣት ይበቃል። ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ያለቀበትን ይህን አደጋ «ግድብ ፈርሶ» ብሎ የሚተርክ አይጠፋም፤ ግድቡ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። የተንሸራተተው በአጠገቡ ያለው ተራራ ነው፤ ወደ 260 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚገመት ዐለትና አፈር ግድቡ ባቆረው ሐይቅ ውስጥ ሲገባ ውሃው ከግድቡ አናት ላይ ተሻግሮ ከታች ያሉትን መንደሮች ጠረገ። ተራራው ከሦስት ዓመት በፊት ተሰንጥቆ ሲንቀሳቀስ ይታይ ነበር፤ ያም ሆኖ ሐይቁን መሙላቱ ቀጠለ። «ግድቡ ፈረሰ» ያለ ሰው የግንበኛውን ሥራ ይመረምራል፤ «ተራራው ተንሸራተተ» ያለ ግን ስንጥቁን እያየ ውሃው እንዲሞላ ያዘዘው ማን እንደሆነ ይጠይቃል።

ከራሳችን አገርም ምሳሌ አይጠፋም። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ ከ100 በላይ ሰዎችን የገደለው ሰው የከመረው ቆሻሻ እንጂ ተፈጥሮ ያስቀመጠችው ኮረብታ አልነበረም፤ ስለዚህ በደፈናው «የመሬት መንሸራተት» ማለቱም ያሳስታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ደግሞ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበውን ሕዝብ ሁለተኛው ናዳ ቀበረው፤ የሞተውም ከ200 በላይ ነበር። «ኮላፕስ አደረገ» የሚለው አነጋገር ነገሩን ያለቀለት ያስመስለዋል። የተንሸራተተ ተዳፋት ግን አላለቀለትም፤ ከላይ የቀረው አፈር ድጋፉ ተነሥቶበታል።

«ድንገት» ስለሚለው ቃልም አንድ ነገር ልበል። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል፣ በአፋር ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ቤት ለመሥራት የተዳፋቱ እግር ይቆረጣል፤ ከበላይ ያለው ጎረቤት የጣሪያውን ውሃ ወደታች ይለቃል፤ የድጋፍ ግንቡም ውሃ የሚያስተነፍስ ቱቦ ሳይቀመጥለት ይገነባል። ውሃው ከግንቡ ጀርባ ይጠራቀምና አፈሩን እያከበደ ይገፋዋል፤ ግንቡ ሆዱን ይነፋል፣ በሩ አልገጥም ይላል፣ የባሕር ዛፉ ግንድ ያዘነብላል። ይህ ሁሉ ሳምንታት አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። በመጨረሻ ነሐሴ ላይ ግንቡ ሲናድ ጋዜጣው «በጣለው ከባድ ዝናብ ምክንያት ድንገት ኮላፕስ አደረገ» ብሎ ይጽፋል። ዝናቡ በየዓመቱ በወሩ የሚመጣ ነው፤ እሱን መክሰስ ግንቡን ያለ ማስተንፈሻ የሠራውን፣ ሥራውንም አይቶ የተረከበውን ነጻ ማውጣት ነው።

ስለዚህ ዘጋቢዎቻችሁ ወደ ስፍራው ሲሄዱ የወደቀው መሬት ይሁን ግንብ ወይም ቋጥኝ፣ ውሃው በየት በኩል እንደመጣ፣ ተዳፋቱን ማን እንደቆረጠውና ከላይ የቀረው መንቀሳቀስ አቁሞ እንደሆነ እንዲጽፉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከኃላፊው መግለጫ በፊትም ከናዳው በላይ የሚኖረውን ሰው ስንጥቁን መጀመሪያ ያየው መቼ እንደሆነ ቢጠይቁት መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከደሴ