የሲትሮይኔን ጎን መልሱልኝ

ለ፦ የቦዲና ቀለም ጋራዡ ሥራ አስኪያጅ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃዴ ተቆርጦ ለቁራሌ ስለተሸጠው የመኪናዬ ጎንና ከውል ውጭ ስለተሠራው ሥራ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በስልክ አውርተናል። ግቢያችሁ ድረስ መጥቼም ከፎርማኑ ጋር ተከራክረናል። በአፍ የተባለው በአፍ ስለቀረ አሁን በጽሑፍ አድርጌዋለሁ።

መኪናዋን መቼም አትረሷትም። ግቢያችሁ የገባ ሁሉ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» እያለ ይዞራት የነበረችው ግራጫዋ ሲትሮይን ኤች ናት። ፈረንሳዮች ከ1947 እስከ 1981 እ.ኤ.አ. የሠሯት፣ ገላዋ ሸንተረር ባለው ላሜራ የተሠራ የዕቃ ማመላለሻ ነች። የእኔዋ የፊት መስታወቷ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ የጋቢና በሮቿም ማጠፊያቸው ከኋላ ነው። ስለዚህ ከቀደሙት ወገን ናት። አውሮፓ ውስጥ ከተረፉት ብዙዎቹ ጎናቸው ተቀዶ ቡናና ሳንድዊች መሸጫ ሆነዋል። እዚህ አገር ሌላ አይቼ አላውቅም።

እንጀራዬ የመለዋወጫ ሱቅ ነው። አሮጌ ዕቃ ማመላለሻ ፈልጎ ማስነሳት ደግሞ ልክፍቴ ነው። ፔጆ 404 ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልንገበገብም። ሐረር ሞልቶላችኋል፤ ጀጎል በር ላይ ብትቆሙ ተሳፋሪ ጭኖ ሲያልፍ ታያላችሁ። አንዱ ሲሞት ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል። ሲትሮይን ኤች ግን ከየት ይመጣል? ይህችን ያገኘኋት ከደቻቱ ብዙ ሳይርቅ ካለ አሮጌ ግቢ ጓሮ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ ሸራ ለብሳ ነው። የጠቆመኝ የሰፈሩ ጥበቃ ነው። የዚህ ነገር ዋና ደላሎች ጥበቃዎች ናቸው። የትኛው ግቢ ውስጥ ምን እንደተሸፈነ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ድሬ ለሰው ብትሞቅም ለብረት ደግ ናት። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላሜራ ቶሎ አይበላም። የመኪናዋ ጣሪያ፣ ኮፈን፣ ሁለቱም ጎኖቿ ጤነኛ ነበሩ። የተበላው ከታች አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ነው። እሱም በ1998ቱ ጎርፍ ደለል ገብቶ ሳይጸዳ በመቅረቱ ነው። ውላችን የሚለውም ይህንኑ ነው። ከታች የዛገው ተቆርጦ ተመሳሳይ ሸንተረር ባለው ላሜራ ይተካል። የቀረው አካል አይቆረጥም። በቀኝ ጎን ያለው ጽሑፍ ላይ ቀለም አይነፋም። የእኔ ፊርማ አለበት፣ የእናንተም ማኅተም አለበት።

ጽሑፉን ደግሞ እናንተም በዓይናችሁ አይታችሁታል። ግራጫውን ቀለም በውሃና በስስ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልኩ ሳሸው ከሥር ቢጫ ፊደል ብቅ ያለው የዳቦ ቤት ማስታወቂያ ነው። ከላይ አማርኛ፣ ከታች ፈረንሳይኛ። የድሬ ልጅ የሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናትና ፈረንሳይኛ እዚህ ለዳቦ መሸጫም ይጻፍ ነበር። ሥራው ሁሉ የእጅ ነው። ሠዓሊው ብሩሹን በሸንተረሩ ላይ እያወጣና እያወረደ ነው የጻፈው። ከፊት ለፊት ስታዩት ፊደሉ ቀጥ ይላል፤ ወደ ጎን ዞር ስትሉ ይጥመዘመዛል። «ዳ» የምትለዋ ፊደል እግር ላይ ከብሩሹ የተነቀለች አንዲት ፀጉር ቀለሙ ውስጥ ደርቃ ቀርታ ነበር። ለቀለም ሠራተኛችሁ በጣቴ ነክቼ አሳየሁት። «ወይ ጉድ!» ብሎ ሞባይሉን አውጥቶ ከቅርብ አነሳት። ስለዚህ «አላወቅንም» የሚለው መልስ አይሠራም።

መኪናዋን ልረከብ ስመጣ ቀኝ ጎኗ የለም። ከጣሪያው ሥር ጀምሮ ተቆርጦ ወጥቷል። በቦታው ለጥ ያለ ላሜራ ተበይዷል፣ ስቱኮ ተሞልቷል፣ የሚያብረቀርቅ ነጭ ቀለም ተነፍቷል። ፎርማኑ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና «አቦ፣ አዲስ አደረግንልህ እኮ!» አለኝ። ከልቡ ነው ያለው፣ ክፋት አልነበረበትም። የባሰ ያቃጠለኝም ይኸው ነው። አሮጌው ጎን የት ደረሰ ብዬ ስጠይቅ «ቁራሌ ወሰደው» ተባልኩ። በኪሎ።

ፎርማኑ «ሸንተረሩ ለጌጥ ነው፣ ምን ያደርግልሃል?» ስላለኝ ይህን መጻፍ ግድ ሆነብኝ። ለጌጥ አይደለም። የዚች መኪና ላሜራ ስስ ነው። ስስ የሆነው ክብደትና ወጪ እንዲቀንስ ነው፣ የሚያጠነክረው ደግሞ ሸንተረሩ ነው። አንድ ወረቀት እንደ ማራገቢያ አጣጥፋችሁ ያዙት፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዘርግታችሁ ያዙት፣ ይልፈሰፈሳል። ሐሳቡ የተወሰደው ዩንከርስ ከሚባሉት የጀርመን አውሮፕላኖች ነው። በነገራችን ላይ በ1921 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከመጡት የመጀመሪያዎቹ ሁለት አውሮፕላኖች አንዱ ዩንከርስ ነበር፤ የእሱም ገላ እንዲሁ ሸንተረር ነው። እናንተ ሸንተረሩን አውጥታችሁ ለጥ ያለ ስትበይዱበት የመኪናዋን መልክ ብቻ ሳይሆን ጥንካሬዋንም ወስዳችኋል። ወደ ሳቢያን ስነዳት ኮብልስቶኑ ላይ ገና ስትወጣ ጎኗ ድብ ድብ ማለት ጀመረ። በብየዳው መስመር ላይ ያለው ስቱኮም ከወዲሁ ተሰንጥቋል። ቀን በፀሐይ የተለጠጠ ላሜራ ማታ ሲሰበሰብ እንዲህ የወፈረ ስቱኮ አይችለውም። ድሬ ውስጥ ቦዲ ለሚሠራ ሰው ይህን የምነግረው እኔ መሆን ነበረብኝ?

የእኔ ግምት ብቻ እንዳይሆን ከምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረታ ለወጡ አንድ አባት አሳየኋት። በጣታቸው አንኳኩ። ከኪሳቸው ትንሽ ማግኔት አውጥተው ግራ ጎኗ ላይ ለጠፉ፤ ያዘ። ቀኝ ጎኗ ላይ ለጠፉ፤ ተንሸራቶ አቧራው ላይ ወደቀ። «ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ነው» አሉኝ። ቀጥለው ግን መፍትሔም ነገሩኝ። ግራ ጎኗ ስላልተነካ ልኩ ከእሱ ይወሰዳል። ከጠንካራ እንጨት ወንድና ሴት ቅርጽ ተሠርቶ ላሜራው በመሃል እየገባ ሸንተረር በሸንተረር ይጨመቃል። ጊዜ ይፈልጋል እንጂ የሚያቅት ሥራ አይደለም።

ሌላም አለ። የኋላ በሯ ሦስት ቁራጭ ነበር፣ አንዱ ወደ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ጎን የሚከፈቱ። የላይኛው ተበይዶ ተዘግቷል። ለምን ብዬ ብጠይቅ «ዝናብ እንዳያስገባ» ተባልኩ። ድሬዳዋ ላይ! ስለ መዘግየቱ አላነሳም፣ የጋራዥ ቀጠሮ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ፍሬኑንና ካርቡራተሩን የሠራው ልጅ ግን እጁ ይባረክ። የሦስት ማርሿ ነገር እንኳ ሳያስቸግረው በአንድ ቁልፍ አስነስቷታል። የእሱ ሒሳብ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ተከፍሎታልም።

የምጠይቀው ይህ ነው። ከሁሉ በፊት ጎኑን የወሰደው ቁራሌ ማን እንደሆነና የት እንደሚያከማች ንገሩኝ። ብረት ተሰብስቦ መኪና እስኪሞላ ይቆያል፤ ወደ ማቅለጫ ካልተጫነ አሁንም ሊገኝ ይችላል። ከተገኘ ቁራሌው የጠየቀውን ከፍላችሁ ታስመልሱልኛላችሁ። ቀለም ሠራተኛው ያነሳውን ፎቶም ሳይቀንስ እንዳለ ላኩልኝ። እኔ ያነሳሁት ከሩቅ ነው፤ ጎኑ ካልተገኘ ጽሑፉን መልሶ ለማጻፍ ያለኝ መነሻ የእሱ ብቻ ነው።

ጎኑ ከተገኘ መጀመሪያ በተስማማነው መሠረት ወደ ቦታው ይመለስ። ካልተገኘ ለጥ ያለው ላሜራና ስቱኮው በእናንተ ወጪ ወጥቶ እኚህ አባት እየተቆጣጠሩት ሸንተረር ባለው ይተካ፤ የእሳቸውም ድካም በእናንተ ሒሳብ ይሁን። የኋላ በሩም ይከፈት። ይህን አንሠራም የምትሉ ከሆነ ለቦዲና ለቀለም የተቀበላችሁትን ቅድሚያ ክፍያ መልሱልኝ፤ የእጁን ሥራ ወደሚያከብር ሰው እወስዳታለሁ። እስከዚያው ቀሪውን ክፍያ አልከፍልም። ፎርማኑ «ቀሪው ካልተከፈለ የባለቤትነት ደብተሩን አንሰጥም» ያለው ደግሞ የትም የማያስኬድ ነው። ደብተሩ ለምርመራ ብቻ የተሰጣችሁ ስለሆነ ከመልሳችሁ ጋር ይላክ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1771 ውል ያልተፈጸመለት ሰው ውሉ እንዲፈጸምለት ወይም እንዲሰረዝለት፣ ከዚያም ሌላ ኪሣራ እንዲከፈለው ሊጠይቅ እንደሚችል ይናገራል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም አለ። ወደዚያ መሄድ አልፈልግም። ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፣ ነገም ተነገወዲያም ቀፊራ ገበያ ላይ እንገናኛለን። ነገር ግን በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ እሄዳለሁ።

የቁራሌውን ስልክ ግን 15 ቀን አትጠብቁበት። ዛሬውኑ በቴክስት ላኩልኝ።

ከሰላምታ ጋር
የሲትሮይኗ ባለቤት

አባሪ፦ የውሉ ቅጂ፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊትና በኋላ የተነሱ ፎቶዎች

ግልባጭ፦
ለንግድ ቢሮ
ድሬዳዋ